ሠርጉን ማን ይቅረጸው?

ሆሳዕና ላይ ሠርግ ሲታሰብ ከድንኳኑና ከሰንጋው ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከሁለቱ ቀድሞ፣ የሚነሣው ጥያቄ «ቪዲዮውን ማን ይቅረጸው?» የሚለው ነው። ከሩቅ ለሚያየው ቅንጦት ይመስላል። ቤተሰቡን ጠጋ ብሎ ላወቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ1993 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከሀዲያና ከከምባታ ምድር እጅግ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጉዟል። ዛሬ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ፣ እዚያ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ቀላል አይደለም። የሰንጋውን ዋጋ የላከው ታላቅ ወንድም ጆሃንስበርግ ዳርቻ ባለች ሱቁ ውስጥ ነው። ወረቀቱ አላለቀለትም፤ ቢወጣ መመለሻ የለውም። የእኅቱን ሠርግ የሚያየው ካሜራማኑ ባየለት መጠን ብቻ ነው። የአባቱን ቀብርም እንዲሁ። አዎ፣ ቀብርም ይቀረጻል፤ «ለልጆቹ ይላካል» ተብሎ። ለቀስተኛው ካሜራውን ሲያይ መንገድ ይለቃል፤ ለማን እንደሆነ ያውቃላ!

እንዲህ ያለ አደራ የሚሰጠው ሰው እንዴት እንደሚመረጥ ደጋግሜ ታዝቤአለሁ። ውይይቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ካሜራህ ፎርኬ ነው?» «ነው።» «ድሮን አለህ?» «አለኝ።» «ስንት ካሜራ ይዘህ ትመጣለህ?» «ሁለት።» «በል እንግዲህ ቀንስ የኔ ልጅ፣ የእኅትህ ሠርግ ማለት እኮ ነው!» ይቀንሳል፤ ይጨባበጣሉ፤ ቀብድ ይከፈላል። ካሜራውን ማን እንደሚይዘው፣ ሰውዬው ራሱ ይምጣ ወይስ ትናንት ሥራ የጀመረ ረዳቱን ይላክ፣ ድምፁን ማን እንደሚከታተል፣ ቆርጦ የሚቀጥለው ማን እንደሆነ የጠየቀ እምብዛም አላጋጠመኝም። ፈረስ የሚገዛ ሰው እንኳ ጥርሱን ያያል።

ይህ የመምረጥ ጣጣ ደግሞ የካሜራ ዘመን ያመጣው አይደለም። ራሱንና አገሩን ለሩቅ ሰው የሚያሳይለትን ባለሙያ መርጦ መላክ የነበረበት የሀዲያ ሰው ከአምስት መቶ ዓመት በፊትም ነበር። ያውም ሴት።

የሆሳዕናው ትልቅ ሆስፒታል በስሟ ይጠራል፦ ንግሥት እሌኒ መሐመድ። የሀዲያው ገራድ ልጅ ናት፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነች፤ ከእርሳቸውም በኋላ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ቃሏ ተሰሚ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል እ.ኤ.አ. በ1508 በልጅነቱ ሲነግሥ አገሩን በሞግዚትነት የያዘችው እርሷ ነበረች። በዚያው ሰሞን፣ በ1509 ገደማ፣ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ጻፈች። በባሕር ላይ እናንተ፣ በየብስ ላይ እኛ፣ ኅብረት እንፍጠር የሚል ነበር ሐሳቡ። ደብዳቤ መጻፍ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ማን ይውሰደው?

እሌኒ የመረጠችው ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ነበር። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ነጋዴ ነው፤ መንገድ ያውቃል፤ ቋንቋ ያውቃል፤ ከቀይ ባሕር እስከ ሕንድ ባሉት ወደቦች ብዙ ሳይጠረጠር ያልፋል። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር የሥራ ልምዱ የሚያጠያይቅ አልነበረም። ማቴዎስም አላሳፈራትም፤ እ.ኤ.አ. በ1512 መጨረሻ ጎዋ ደረሰ፤ የፖርቱጋሉ ሹም አልቡከርክም በክብር ተቀበለው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፖርቱጋሎቹ በሐሳባቸው የሣሉት የ«ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ» መልእክተኛ ሌላ መልክ ነበረው። የዚህ ሰውዬ ፊት ከጠበቁት ጋር አልገጠመም። ሰላይ ነው፣ የቱርክ ሰው ነው፣ አታላይ ነው ተባለ። ወደ ሊዝቦን በወሰዱት መርከብ ላይ አዛዦቹ አዋረዱት። በ1514 ሊዝቦን ሲደርስ ንጉሥ ማኑኤል መልእክቱን አምኖ ተቀበለ፤ አዛዦቹንም አሰረለት። ግን የመልስ ጉዞው ተጓተተ። አብሮት እንዲመለስ የተሾመው ሽማግሌው አምባሳደር ዱዋርቴ ጋልቫዎ በቀይ ባሕር ካማራን ደሴት ላይ ሞተ። ማቴዎስ ምጽዋ የረገጠው በ1520 ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ደብረ ቢዘን ገዳም ላይ ዐረፈ። እሌኒ ከጻፈችበት ጊዜ አሥር ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ሕፃኑ ንጉሥም ጎርምሶ፣ የፖርቱጋሎቹ እርዳታ ያን ያህል የማያጓጓው ሰው ሆኖ ነበር።

ከዚህ «የውጭ ሰው አትቅጠር» የሚል ትምህርት የሚያወጣ ሰው ቸኩሏል። ማቴዎስ ሥራውን ሠርቷል። የጎደለው ከአጠገቡ ቆሞ «ይህ ሰው የእኛ ቃል ነው፤ እኔ የአገሩ ልጅ ነኝ» የሚል ሚዛን የሚደፋ ኢትዮጵያዊ ነው። ችሎታ ብቻውን በቂ አልሆነም።

ከማቴዎስ ጋር የመጣው የፖርቱጋል ቡድን ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። መሪው ሮድሪጎ ደ ሊማ ይባላል። ከሥሩ ጸሐፊ ነበር፤ ሠዓሊ ነበር፤ ላዛሮ ደ አንድራዴ የሚባል፤ ሙዚቀኛ ነበር፤ ጸጉር ቆራጭና ሐኪም የሆነ ዡዋዎ ቤርሙዴዝ የሚባል ሰው ነበር። ዛሬ ፊልም የሚሠራ ድርጅት እንኳ እንዲህ የተሟላ ሠራተኛ ይዞ ወደ ሆሳዕና አይመጣም። ታዲያ ምን ሆነ? አምባሳደሩና ምክትሉ ዦርዤ ዳብሬው ከመጀመሪያው ጀምሮ ተጣሉ፤ በልብነ ድንግል ሰፈር ሁሉም እያያቸው ተደባደቡ፤ ንጉሡ ሊያስታርቃቸው ተቸገረ። ጸጉር ቆራጩ ከዓመታት በኋላ ወደ አውሮፓ ተልኮ ሄዶ ራሱን የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ብሎ ሰየመ። (በሠርግ ላይ ረዳት ሆኖ መጥቶ በማግስቱ «ዳይሬክተር እገሌ» ብሎ ስሙን በትልቁ የሚጽፍ ልጅ አይታችሁ እንደሆነ፣ ዝርያው የቆየ ነው።)

የዚያን ዘመን ኢትዮጵያ ለዓለም ያሳየው ማነው ብትሉ ሠዓሊው አይደለም፤ ጸሐፊው አይደለም፤ አምባሳደሩም አይደለም። የቡድኑ ቄስ የነበረው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ለቅዳሴ ነበር የመጣው። ስድስት ዓመት ያህል ኖረ፤ አየ፤ ጠየቀ፤ ያየውን ከሰማው ለይቶ ጻፈ። ላሊበላን ካየ በኋላ የሚያምነኝ የለም ብሎ ስለ ሕንፃዎቹ መጻፉን ለመቀጠል እስኪሰለች ድረስ ተጠራጠረ። መጽሐፉ በ1540 ሊዝቦን ላይ ታተመ፤ እስከ ዛሬ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ከእርሱ ሳይጠቅስ አያልፍም። የማየት ችሎታ በሥራ መጠሪያ ላይ ተጽፎ አይመጣም። ሠዓሊ ተብሎ የተቀጠረው አለ፤ የሚያየው ሰው ግን ጥግ ላይ ዳዊቱን ይዞ ተቀምጧል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ የምርጫው ታሪክ በፎቶና በፊልም ይቀጥላል። በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው ቤድሮስ ቦያጂያን እንደ ማቴዎስ ሁሉ አርመናዊ ነበር፤ ሙያው ወደ ልጆቹ ተላልፎ ቤተሰቡ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴም አገልግሏል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ በጀመረበት በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው ረጅም ያገራችን ልብ ወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ሲወጣ፣ አሠሪው እላላ ኢብሳ ኢትዮጵያዊ፣ አዘጋጁ ላምብሮስ ጆካሪስ ግን ግሪካዊ ነበር። በ1966 ዓ.ም. «ጉማ»ን የሠራው ሚሼል ፓፓታኪስ ነው። ስለ ደምና ስለ ዕርቅ የሚናገረው ይህ ፊልም ዛሬ በየዓመቱ የሚሰጠው የጉማ ሽልማት መጠሪያ ሆኗል። አገሪቱ የራሷን ታሪክ ለመቅረጽ በተነሣች ጊዜ መሣሪያውን የሚያውቀው ሰው በአብዛኛው ከሌላ ቤት የመጣ ነበር። እንደ ዘመኑ ሌላ ምርጫም አልነበረም።

እኔ ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የኃይሌ ገሪማ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974፣ በአብዮቱ ዋዜማ፣ ከሚማርበት ከአሜሪካ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሲቀርጽ የነበረው ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ፊልሙ 16 ሚሊ ሜትር፣ ጥቁርና ነጭ። ካሜራውን የያዘው ኤሊየት ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ተዋንያኑ ደግሞ ሙያተኞች አልነበሩም፤ የገጠር ሰዎች ናቸው፤ ማረሻውን ሲይዙ አላስመሰሉም። ኃይሌ ሁለት ዓይነት ባለሙያ ቀጥሯል ማለት ነው፦ ካሜራ የሚያውቅና ሞፈር የሚያውቅ። በመካከላቸው የቆመው ራሱ ነው፤ የትኛው ላብ፣ የትኛው ዝምታ መታየት እንዳለበት የሚያውቅ። እጁ ከየትም ቢመጣ፣ ምን እንደሚታይ የሚወስነው ሰው ነገሩን የኖረ ነበር። እሌኒ ያጣችው ይህን መካከለኛ ሰው ነው። የሆሳዕናው ሠርግ ቤትም የሚያጣው እርሱኑ ነው።

ስለ ካሜራ ስናወራ ዘወትር የምንዘለው አንድ ሰው አለ። ድምፅ ያዢው። በ1977 ዓ.ም. የኮረምን ረሃብ ለዓለም ያሳየው የቢቢሲ ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን ሲሰራጭ፣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የጋዜጠኛውን የማይክል ቡርክን ቃላት ነው። ምስሉን ያነሣው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበር። አሚን ካሜራፒክስ የተባለ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1963 ዳሬሰላም ላይ ያቋቋመ፣ ምሥራቅ አፍሪካን እንደ መዳፉ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ትልቁ ጣቢያ ከለንደን ካሜራማን ይዞ መምጣት ያቅተው ነበር? አያቅተውም። ግን ያንን ምስል ለማምጣት የአካባቢውን መንገድ፣ ሹም፣ አየር፣ የሰውን ሐዘን የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ዘገባው በወጣ በወራት ውስጥ የዓለም ዘፋኞች ተሰብስበው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985 ያንን ትልቅ ኮንሰርት አዘጋጁ።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አሚን ለመቅረጽ ወጥቶ ነበር። ግራ እጁን አጣ። ድምፅ ያዢው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። አሚን በሰው ሠራሽ እጅ ወደ ካሜራው ተመልሶ፣ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ሕይወቱ አለፈ። ስለ አሚን መጽሐፍ ተጽፏል፤ ፊልም ተሠርቷል። ስለ ማታይ ስንቶቻችን ሰምተናል? ድምፅ ያዢ ከካሜራማኑ አንድ ክንድ ርቆ የሚሄድ፣ ፈንጂውም ጥይቱም እኩል የሚያገኘው፣ ስሙ ግን ከመጨረሻው ጽሑፍ ላይ የሚፈለግ ሰው ነው።

ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። በሀዲያና በከምባታ የምንቀርጸው ነገር አብዛኛው ድምፅ ስለሆነ ነው። የሽማግሌ ምርቃት ድምፅ ነው። ሴራ ተብሎ በሚጠራው ባህላዊ ሕግ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲፈርዱ ነገሩ ያለው በንግግሩ ውስጥ ነው። የመዘምራን መዝሙርም፣ አካባቢው በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሚሲዮኖች ከገቡ ወዲህ የዝማሬ አገር ስለሆነ፣ ከሠርግ ቀጥሎ የቪዲዮ ባለሙያዎች ትልቁ ገበያ ነው። የደረት ማይክ የሌለው ካሜራማን ከአሥር ሜትር ላይ ሆኖ ምርቃቱን ሲቀርጽ የሚያስቀረው የጄኔሬተር ጩኸትና የሕፃናት ለቅሶ ነው። ወንድምየው ጆሃንስበርግ ሆኖ የአባቱን ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያያል። ምን ብለው እንደመረቁት አይሰማም።

ሠርግና ቀብር የቤተሰብ ነው፤ ጥፋቱም ቤት ውስጥ ይቀራል። የአካባቢ ታሪክ ሲሆን ግን ጥፋቱ የሁሉ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአካባቢ ኮሚቴ የባህልና የታሪክ ዶክመንተሪ ለማሠራት ገንዘብ አሰባስቦ ነበር። ስሙ ይቅር። ከአዲስ አበባ አንድ ድርጅት ተቀጠረ፤ የመረጡት ያሳያቸውን ሦስት ደቂቃ የማስታወቂያ ቅንብር አይተው ነው። ድሮኑ በሐምበሪቾ ተራራና በ777 ደረጃዎቹ ላይ እየበረረ የሚያሳይ፣ ሙዚቃው ደረት የሚያስነፋ። ተቀጥረው መጡ። አንድ የሀዲያ አዛውንት ዋቸሞ ሆሳዕና ከመባሏ በፊት ስለነበረው ነገር ከቅድመ አያታቸው የሰሙትን በሀዲይኛ አርባ ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ከቡድኑ አንድም ሀዲይኛ የሚሰማ አልነበረም። ኤዲተሩ አዲስ አበባ ላይ ቆረጠው። በወጣው ፊልም ላይ አዛውንቱ የሚታዩት ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ቃላቸው ከሙዚቃ በታች ነው፤ ዐረፍተ ነገራቸው ከመካከል ተቆርጧል፤ የአማርኛው ትርጉም ደግሞ ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ይናገራል። ሀዲይኛ የሚሰሙት የአዳራሹ ታዳሚዎች እርስ በርስ ተያዩ።

ድርጅቱ ሙያ የለውም አልልም። ምስሉ ያምር ነበር። ተርጓሚ ሳይሆን አጥኚ፣ ቋንቋውን የሚሰማ ኤዲተር፣ ወይም ቢያንስ ኤዲተሩ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ የአገሩ ልጅ በውሉ ውስጥ አልነበረም። ሆሳዕና መምህራን ኮሌጅ ያለባት፣ የቀድሞ ስሟን የያዘ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት፤ ቋንቋውን በሙያ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ለድሮን የተከፈለው ገንዘብ እኩሌታው ለአንዱ ቢከፈል አርባው ደቂቃ ይተርፍ ነበር።

ቋንቋ ስል በድምፅ የሚነገረውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ሆሳዕና ውስጥ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋመ ትምህርት ቤት አለ፤ ከዚያ ተምረው የወጡ ብዙ ናቸው። በምልክት ቋንቋ የሚናገር ሰው ሲቀረጽ ካሜራማኑ ፊቱን አጥብቆ ይዞ እጁን ከቆረጠው፣ ተናጋሪውን አፉን አፍኖ እንደመቅረጽ ነው። እጅና ፊት አብረው መታየት አለባቸው፤ ከበስተኋላ ያለው ቀለም ከእጁ ቀለም መለየት አለበት። ለዚህ ሥራ የሚቀጠር ሰው በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ ካሜራው አይነት አይደለም። «መስማት የተሳነው ሰው ቀርጸህ ታውቃለህ? ራሱ ሰውየው አይቶ ገባኝ ብሎሃል?» ነው።

ምን መቅረጽ እንዳለበት ስለማወቅ ከተነሣ፣ ከከምባታ አንድ ሠርግ ልጥቀስ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ (በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ያረፉት) እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር የመሠረቱት የከምባታ ሴቶች ማኅበር የሴት ልጅ ግርዛትን ሲታገል፣ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ አንዲት ያልተገረዘች ልጅ በአደባባይ ተዳረች። ያን ጊዜ ያልተገረዘች ባል አታገኝም የሚባልበት ጊዜ ነው። ብዙ ሕዝብ ታደመ። ሙሽሮቹ ደረታቸው ላይ ጽሑፍ አንጠልጥለው ነበር፤ የእርሷ አለመገረዟን፣ የእርሱ ያልተገረዘች በማግባቱ ደስ መሰኘቱን የሚናገር። አስቡት፤ ዘወትር ኬክና ቬሎ መቅረጽ የለመደ ካሜራማን በዚያ ቀን ተቀጥሮ ቢሆን። ቀለበቱን፣ መኪናውን፣ ሻምፓኙን አሳምሮ ያነሣል። ወረቀቱን «ምስል ያበላሻል» ብሎ አውልቁት ሊል ይችላል። ሠርጉን ሠርግ ያደረገው ግን ወረቀቱ ነው፤ ሌላው የትም ያለ ነው።

እንግዲህ ምን ይጠየቅ ለሚለኝ፣ ከታዘብኩት ጥቂት ልበል። ያማረውን የሦስት ደቂቃ ቅንብር አትዩ፤ ያልተቆረጠ ግማሽ ሰዓት አሳየን በሉት። ቅንብር የኤዲተሩን ችሎታ ያሳያል፤ ጥሬው የካሜራማኑን። ካሜራው ሲቀላውጥ፣ ሽማግሌው መናገር ሲጀምሩ ወደ ሚዜዎቹ ሲዞር፣ እዚያ ላይ ይታያል። ጠቆር ያለ ፊትና ነጭ ቬሎ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አብረው የቆሙበትን ሥራ ጠይቁ። ካሜራ ለራሱ ከተተወ ነጩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ሙሽራዋ ፊት የሌላት ልብስ ሆና ትቀራለች። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ የፊልም ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት የነጭ ሴት ፎቶ ይዘው ነበር። የሚያውቅ ባለሙያ በእጁ ያስተካክለዋል፤ የማያውቀው «ካሜራው ነው» ይላል።

የሚመጣው ማን እንደሆነ በስም ይጻፍ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው፣ አክስት ብትሆን ይመረጣል፣ ቀኑን ሙሉ ከካሜራማኑ አጠገብ ትቁም፤ «እኚህ የእናትየው አጎት ናቸው፣ ከእግራቸው ጀምረህ ያዛቸው፣ ታመው ነው የመጡት» የምትል። አክስቶች የሚያውቁትን ዳይሬክተር አያውቅም። ሁለት ባለሙያ የሚመጡ ከሆነ አብረው ሠርተው ያውቁ እንደሆነ ጠይቁ፤ የሮድሪጎ ደ ሊማንና የምክትሉን ነገር አስታውሱ። ዋጋ ሲቀነስ ደግሞ ከምን ላይ እንደተቀነሰ ይታወቅ። ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ድምፅ ያዢው ነው፤ አይታይማ።

ባለሙያዎቹም የሚሉት አላቸው፤ እውነት ነው። ቀሪው ክፍያ ስድስት ወር የሚቆይበት፣ «ዘመድ ነህ» ተብሎ የሚያስቀሩበት፣ ምሳ እንኳ ሳይቀርብለት ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚቆም ልጅ አለ። ባለፉት ሃያ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ከሠሩት መካከል ጥቂት የማይባሉት በሠርግ ቪዲዮ የጀመሩ ናቸው። ዛሬ ሆሳዕና ላይ በርካሽ የምትቀጥሩት ልጅ ነገ ያካባቢውን ታሪክ የሚሠራው ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲያ እንዲሆን ከተፈለገ ይከፈለው።

የመጨረሻውና በውል ላይ ከሞላ ጎደል ፈጽሞ የማይጻፈው የጥሬው ምስል ጉዳይ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ሕጉ አለ፤ ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ማን ስንት ዓመት እንደሚያስቀምጠው ተዋዋዮቹ ካልጻፉት ሕጉ ሃርድ ዲስክ አይገዛም። ያ ኮሚቴ ፊልሙ ከታየ ከሁለት ዓመት በኋላ የአዛውንቱን አርባ ደቂቃ እንዲሰጡት ድርጅቱን ጠይቆ ነበር። ቦታ ስለጠበበ ለሌላ ሥራ ተሰርዟል ተባለ። አዛውንቱ በዚያ መካከል ዐርፈው ነበር። አሁን በማውቃቸው ሁለት ቤተሰቦች ውል ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ ያልተቆረጠው ሁሉ በሁለት ቅጂ ይሰጠን፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ካለው ልጃችን ዘንድ ይቀመጥ የሚል። ለሁለተኛው ሃርድ ዲስክ የሚወጣው ገንዘብ ከሰንጋው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።